ጨለማው ቤት፤ የፊልም ካሜራ ዓይነቶችና አሠራራቸው



 

እንደሚታወቀው ዛሬ ፎቶግራፍ ማንሳት የፈለገ ሰው ከኪሱ ስልኩን ማውጣት ብቻ ይበቃዋል። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ግን ፊልም ገዝተው፣ ቆጥበው አንስተው፣ ፎቶ ቤት ወስደው አሳጥበው፣ ቀናት ጠብቀው ነበር አንዲት ፎቶግራፍ የሚያዩት። የዚያ ዘመን ዕቃ ሁሉ አልጠፋም። በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ፣ የቤተሰብ ሣጥን ሲከፈት በቆዳ ልባስ የተቀመጠ አሮጌ ካሜራ፣ አጠገቡም በወረቀት ፖስታ የታጨቀ ኔጋቲቭ ይገኛል። ልጆች ካሜራውን መጫወቻ ያደርጉታል። አንዳንዱ ለፈላጊ በርካሽ ይሸጠዋል። ኔጋቲቩን ደግሞ «የተበላሸ ፎቶ ነው» ብሎ ከጥራጊ ጋር የሚጥል አለ።

ለመሆኑ የምንጥለው ነገር ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ካሜራ እንዴት እንደሚሠራና ስንት ዓይነት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በዚህ ወር የምንጨዋወተው ስለዚሁ ነው።

ሁሉም ካሜራ አንድ ቤት ነው

በመጀመሪያ ማንም ሰው ያለ ምንም ገንዘብ ሊሠራው የሚችለውን ሙከራ ልንገራችሁ። ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ በሩንና መስኮቱን ዝጉ። ብርሃን የሚያስገባውን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ድፈኑና ወደ መንገድ በሚያሳየው በኩል አንዲት የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ብቻ አስቀሩ። የዱሮዎቹ የሐረር ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ በራቸውም ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ለዚህ ሙከራ የተሠሩ ይመስላሉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ከዚያ ከቀዳዳዋ ፊት ለፊት ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ የውጭው መንገድ፣ የጎረቤት አጥር፣ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይታያችኋል። ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ ሆኖ፣ ሁሉም ተገልብጦ ነው የሚታየው።

ለምን ተገለበጠ? ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ነው። ከሰውየው ራስ የተነሣው ብርሃን ቁልቁል ወርዶ በቀዳዳዋ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ከታች ያርፋል። ከእግሩ የተነሣው ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ከላይ ያርፋል። ይኸው ነው። ይህ ክፍል ካሜራ ነው። የጎደለው ምስሉን ይዞ የሚያስቀር ነገር ብቻ ነው።

ይህን ጉዳይ በሙከራ አስደግፈው ካጠኑት ሊቃውንት መካከል ግንባር ቀደሙ በ354 ዓ.ሂ. ገደማ (እ.ኤ.አ. 965) በበስራ የተወለደውና ኋላ በካይሮ የኖረው አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም ነው። ከእርሱ በፊት ብዙዎች ዓይን የሚያየው ከራሱ ጨረር እየላከ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ግን «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራው የምናየው ብርሃን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን አስረዳ። ካደረጋቸው ሙከራዎች አንዱ እንዲህ ነበር። በአንዲት ቀዳዳ ፊት ለፊት በተለያየ ቦታ በርከት ያሉ መብራቶችን አኖረ። ከቀዳዳዋ ማዶ በጨለማው ክፍል ግድግዳ ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ታዩ። አንዱን መብራት ሲጋርድ የዚያ መብራት ነጥብ ብቻ ጠፋ፤ ጋራጁን ሲያነሣ ተመለሰ። ከዚህም ብርሃናት በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፉ እንደማይደባለቁ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቀጥተኛ መንገድ እንደሚይዝ ተረዳ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለአውሮፓ ሊቃውንት መማሪያ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ያስፈልጋል። «ካሜራ የሚለው ቃል የመጣው ከዐረብኛ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ቃሉ የላቲን ነው፤ ትርጉሙም «ክፍል» ማለት ነው። ሙሉ ስሙ «ካሜራ ኦብስኩራ»፣ ማለትም ጨለማ ክፍል ነበር። ዐረቦቹም «አልበይቱል ሙዝሊም»፣ ጨለማው ቤት ይሉታል። ለሊቃውንቶቻችን ክብር የሚበቃው እውነቱ ነውና ያልሆነ ነገር መጨመር አያሻንም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ታዲያ የካሜራ ዓይነት ይህን ያህል የበዛው ለምንድን ነው? አንድን ካሜራ በእጃችሁ ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ብርሃኑ የሚያርፈው በምን ላይ ነው? ሁለተኛ፣ የብርሃኑ መጠን በምን ይለካል? ሦስተኛ፣ የሚያነሣው ሰው የሚያየው በየት በኩል ነው? የካሜራ ዓይነቶች ልዩነት በአብዛኛው ከእነዚህ የሦስቱ መልስ ነው የሚመጣው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ፊልም ማለት ግልጽ በሆነ ስስ ነገር ላይ የተቀባ ጄላቲን ነው። በጄላቲኑ ውስጥ ብርሃን የሚነካቸው እጅግ ደቃቅ የብር ውሕድ ቅንጣቶች አሉ። ጌጥ የሚሠራበት ያው ብር ማለቴ ነው። ብርሃን የነካቸው ቅንጣቶች ለጊዜው ምንም ለውጥ አያሳዩም፤ ምስሉ ተደብቆ ይቀመጣል። ፊልሙ በጨለማ ክፍል ውስጥ ገላጭ ኬሚካል ሲነካው ግን እነዚያ ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣሉ። ቀጥሎ ፎቶ አንሺዎች ሃይፖ የሚሉት ኬሚካል ብርሃን ያልነካውን ውሕድ አሟሙቶ ያወጣዋል። በመጨረሻ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ብርሃን የበዛበት ቦታ ስለሚጠቁር ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ኔጋቲቭ የተባለውም ለዚህ ነው። በኔጋቲቩ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ በወረቀት ላይ ሲታተም ሁለተኛ ይገለበጥና ትክክለኛው ፎቶ ይሆናል። እንግዲህ «የተበላሸ ፎቶ» ያልነው ነገር እናቱ ነው። ከአንዲት ኔጋቲቭ መቶ ፎቶ ማሳተም ይቻላል። ኔጋቲቯ ከጠፋች ግን በእጃችን የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የብርሃን መጠን ነው። ይህን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በሌንሱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ስፋትና መዝጊያው (ሻተር) የሚከፈትበት ጊዜ። በሌንሱ ቀለበት ላይ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። የመዝጊያው ቁጥሮች 30፣ 60፣ 125፣ 250 ሲሉ ደግሞ የሰከንድ 30ኛ፣ የሰከንድ 60ኛ ማለታቸው ነው። በርሜል በሰፊ ቱቦ ቶሎ እንደሚሞላ፣ በቀጭን ቱቦም ብዙ ከጠበቁት እንደሚሞላ ሁሉ፣ ሰፊ ቀዳዳ ለአጭር ጊዜ፣ ጠባብ ቀዳዳ ለረዥም ጊዜ ቢከፈት ውጤቱ እኩል ነው። ብርሃን መለኪያ የሌላቸው ፎቶ አንሺዎች የሚገለገሉበት ቀላል ደንብ አለ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀዳዳውን 16 ላይ አድርግ፤ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ ፍጥነት ጋር አቀራርብ። 100 ቁጥር ፊልም ከሆነ 125 ማለት ነው። ከጀጎል ጠባብ መንገዶች ወደ አንዱ ስትገቡ ግን ግማሹ ግድግዳ በፀሐይ ነጭ፣ ግማሹ በጥላ ጥቁር ነው። ፎቶ አንሺው ያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት።

የመስታወት ሰሌዳው ዘመን

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንምጣ። መጀመሪያ የመጣው ትልቁ፣ በሦስት እግር የሚቆመው፣ እንደ ወናፍ የሚታጠፍ ቆዳ ያለው ካሜራ ነው። ፊት ለፊት ሌንስ፣ ከኋላ ደብዛዛ መስታወት አለው። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ በደብዛዛው መስታወት ላይ የተገለበጠውን ምስል ያያል። ከዚያ መስታወቱን በብርሃን የሚነካ ኬሚካል በተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ይተካዋል። በአንድ ሰሌዳ የሚነሣው አንድ ፎቶ ነው።

መዲናን ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ያነሣው ግብፃዊው የጦር መኮንንና መሐንዲስ ሙሐመድ ሷዲቅ እ.ኤ.አ. በ1861 የሠራው በእንዲህ ያለ ካሜራ ነበር። መካንም በ1880 አንሥቷል። ከእርሱ ቀጥሎ በ1880ዎቹ ዐብዱልገፋር የተባለ የመካ ሐኪም ሙያውን ተምሮ የከተማውን ሰውና ሑጃጁን አንሥቷል።

ወደ ሐረርም በዚያው ዘመን ነው የገባው። ከተማዋ በግብፅ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ለንግድ እዚህ የተቀመጠው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ከሊዮን ከተማ በ1,850 ፍራንክ ያስመጣውን ካሜራ ይዞ መሥራት ጀመረ። ካነሣቸው መካከል የሸኽ አባዲር ቁባና በአደባባይ ተቀምጦ የቆዳ ስልቻ የሚሠራ ሰው ይገኙበታል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ወደ ቤተሰቦቹ በላከው ደብዳቤ የራሱን ሦስት ፎቶዎች ልኮ ነበር፤ አንዱ በቤት ሰገነት ላይ፣ አንዱ በቡና ተክል፣ አንዱ በሙዝ ተክል ውስጥ የተነሣ ነው። ታዲያ ፎቶዎቹ ነጣ ብለው እንደወጡ ገልጾ ጥፋቱን በሚያጥብበት ውሃ ላይ አደረገ። የውሃን ነገር ለሐረር ሰው መንገር አያሻም። ሃይፖው በንጹሕና በበቂ ውሃ ተጠርጎ ካልወጣ በወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ ምስሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ዛሬ በራምቦ ስም የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ሲሆን፣ የዱሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች እዚያ ይታያሉ። የልጅ ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን መንገድና አለባበስ የሚያዩት እነዚያ ሰሌዳዎች ስላልተጣሉ ነው።

ጥቅል ፊልምና ሣጥን ካሜራ

እ.ኤ.አ. በ1888 አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለገበያ አቀረበ። የመስታወቱ ሰሌዳ ቀርቶ ፊልሙ እንደ አቡጀዲ ጣቃ ተጠቀለለ። መቶ ፎቶ ያነሣ ነበር፤ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፤ ፎቶዎቹ ታትመው፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ተሞልቶ ይመለስለታል። በ1900 ደግሞ በአንድ ዶላር የሚሸጠው ብራውኒ መጣ። ሣጥን ካሜራ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ሌንስ፣ አንድ መዝጊያ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት። የሚስተካከል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በፀሐይ ጥሩ ይሠራል፤ በጥላና በቤት ውስጥ ይቸገራል።

በአፍጋኒስታን የመንገድ ፎቶ አንሺዎች ይሠሩበት የነበረው የእንጨት ሣጥን ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ሣጥኑ ካሜራም ጨለማ ክፍልም ነው። ፎቶ አንሺው ብርሃን በማያስገባ እጅጌ ክንዱን አስገብቶ ወረቀቱን እዚያው ውስጥ ያጥባል። የወጣውን ኔጋቲቭ ወረቀት ከሌንሱ ፊት አቁሞ እንደገና ያነሣዋል፤ ኔጋቲቭ ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ትክክለኛው ጉርድ ፎቶ ይሆናል። ያ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚያልቀው።

ባለ ሁለት ሌንሱ

ከላይና ከታች ሁለት ዓይን ያለው ካሜራ ካላችሁ ይህ ነው። ስመ ጥሩ ሮሌይፍሌክስ እ.ኤ.አ. በ1929 በጀርመን ወጣ። በኋላ የጃፓኑ ያሺካና የሶቪየቱ ሉቢቴል ተከተሉት። የላይኛው ሌንስ ለማየት፣ የታችኛው ለማንሳት ነው። ከላይኛው የገባው ብርሃን በሰያፍ በተቀመጠ መስታወት ተንጸባርቆ በአናቱ ላይ ባለው ደብዛዛ መስታወት ያርፋል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሆዱ ላይ ይዞ ወደ ታች ነው የሚያየው። መስታወቱ ምስሉን ቢያቃናውም ቀኙን ከግራው ያቀያይረዋል። ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ በካሜራው ላይ ወደ ግራ ሲሄድ ይታያል። ፊልሙ ሰፊ ሲሆን፣ ፎቶዎቹ እያንዳንዳቸው በ6 ሳንቲሜትር ካሬ ሆነው በአንድ ጥቅል 12 ይወጣሉ። ኔጋቲቩ ትልቅ ስለሆነም ፎቶው ሲያድግ ጥራቱ አይጓደልም።

ባለ መስኮቱ

ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የሲኒማ ፊልምን ወደ ትንሽ ካሜራ አስገብቶ የሠራው ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ብዙዎቻችን «ፊልም» ስንል የምናስበው 35 ሚሊሜትሩ፣ ባለ 36ቱ ከዚህ ተስፋፋ። የእያንዳንዱ ኔጋቲቭ መጠን 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። የሶቪየቶቹ ፌድና ዞርኪም የዚሁ ዘሮች ናቸው። በነዚህ ፎቶ አንሺው የሚያየው በሌንሱ ሳይሆን ከአናቱ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። በመስኮቷ መሐል አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቱን ሲያዞሩት ሁለቱ ተደርበው አንድ ሲሆኑ ርቀቱ ተስተካክሏል ማለት ነው። ጉዳቱ ምንድን ነው? ሌንሱ በክዳኑ እንደተሸፈነ ቢረሳ በመስኮቷ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ሠርጉ ሁሉ ከተነሣ በኋላ ፊልሙ ባዶውን ይወጣል።

በሌንሱ የሚያሳየው

ይህን ችግር የፈታው በአንድ ሌንስ የሚያይም የሚያነሣም ካሜራ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ የቆመ መስታወት ላይ ተንጸባርቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ በአናቱ ያለው ጉብታ ውስጥ በተቀመጠ ባለ አምስት ማዕዘን ብርጭቆ ተቃንቶ ወደ ዓይን ይደርሳል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፤ ከኋላው ያለው መጋረጃ ተከፍቶ ፊልሙ ብርሃን ያገኛል፤ ተመልሶ ይዘጋል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ይህን ዓይነት በጋዜጠኞች ዘንድ አስፋፋው። በ1976 የወጡት ፔንታክስ ኬ 1000ና ካኖን ኤ.ኢ. 1 በዓለም ላይ ብዙ ተማሪዎች የተማሩባቸው ናቸው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ወገኖቻችን ይዘው ከመጧቸው ዕቃዎች አንዱ ዜኒት ነበር። ዜኒት ኢ የተባለው ብርሃን መለኪያው ያለ ባትሪ የሚሠራ፣ ከባድና ጠንካራ ካሜራ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለውን ዜኒት ወደ ክፍል ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ የአያቴ ነው፤ ይሠራል?» አለኝ። ጀርባው ተከፍቶ ፊልሙ እንደ አንጀት ተጎልጉሏል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ፎቶው ውስጡ ካለ ብዬ ፈረስ መጋላ ላይ ከፍቼ አየሁት፤ ምንም የለበትም» አለ። አያቱ ሞተዋል፤ ካሜራውንም ከእርሳቸው በኋላ ማንም አልነካውም። በዚያ ፊልም ላይ ምን እንደነበረ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። ያልታጠበ ፊልም ላይ ምስሉ ተደብቆ እንደሚቀመጥ፣ የቀን ብርሃን በአንድ ቅጽበት እንደሚያጠፋው ለልጁ የነገረው ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን ያላስተማርነው የኛ የትልልቆቹ ነው።

የመጨረሻዎቹ

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ርቀቱን ራሱ የሚያስተካክል፣ ፍላሽ ያለው፣ ፊልሙንም በሞተር የሚጠቀልል ትንሽ ካሜራ መጣ። እኛ አገር በሠርግና በዒድ የምናስታውሰው በአብዛኛው እርሱን ነው። ሌላው ፖላሮይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሽያጭ የቀረበው ይህ ካሜራ ገላጩን ኬሚካል ከወረቀቱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ፎቶው በደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ነገር ግን በአብዛኛው ኔጋቲቭ አያስቀርም፤ የፖላሮይድ ፎቶ አንድ ነው፤ ሲጠፋ ጠፋ።

ስለ ብያኔው

ይህ አምድ የፈትዋ አምድ አይደለም። ይሁንና ብዙዎች ስለሚጠይቁ አንድ ነገር ልበል። ዑለሞች በዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ አሠራሩን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም እናያለን። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ (እ.ኤ.አ. 1854–1935) ፎቶግራፍ አላህ የፈጠረውን ነገር ጥላ መያዝ እንጂ በእጅ እንደሚሣለው ሥዕል አዲስ ቅርጽ መፍጠር አይደለም በማለት መፈቀዱን ጽፈዋል። የሳዑዲው ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ቢን ባዝ ደግሞ እንደ መታወቂያ ያለ አስገዳጅ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ነፍስ ያለውን ማንሳት ከልክለዋል። ዝርዝሩን አንባቢ ከሚያምናቸው ዓሊሞች ይጠይቅ።

በሣጥናችሁ ያለውን እንዴት ትጠብቁታላችሁ?

አንደኛ፣ አሮጌ ካሜራ ስታገኙ ጀርባውን አትክፈቱ። በ35 ሚሊሜትር ካሜራ አናት በስተግራ በኩል ያለውን መመለሻ እጀታ በቀስታ አዙሩት። የሚይዝ፣ የሚከብድ ከሆነ ፊልም አለበት። ከሥሩ ያለችውን ወይም በዜኒት እንደሚታየው ከማንሻው ቁልፍ አጠገብ ያለችውን መልቀቂያ ተጭናችሁ፣ እጀታውን በቀስቱ አቅጣጫ እስኪቀል ድረስ አዙሩ። ከዚያ ነው የሚከፈተው። ባለ ሁለት ሌንሱ ላይ ግን ፊልሙ ወደ ፊት ብቻ ስለሚሄድ እስኪያልቅ መጠቅለል ነው። የወጣውን ፊልም ጨለማና ደረቅ ቦታ አስቀምጡና የሚያጥብ ባለሙያ ፈልጉ። ባትሪ ካለው አውጡት፤ ሲፈስ ካሜራውን ይበላዋል።

ሁለተኛ፣ ኔጋቲቭን በጠርዙ ብቻ ያዙ። የጣት ቅባት ይጎዳዋል። ከላስቲክ ይልቅ ንጹሕ ወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ከኩሽናና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ። የኮምጣጤ ሽታ የሚሸት ኔጋቲቭ መበስበስ ጀምሯልና ለይታችሁ ቶሎ ቅዱት። ባለ ቀለሙ ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ቶሎ ስለሚደበዝዝ መጀመሪያ እርሱን አስቀድሙ።

ሦስተኛ፣ መቅዳቱ ቀላል ነው። የአንዱን ስልክ መስኮት ሙሉ ነጭ አድርጉት፤ በላዩ ንጹሕ ብርጭቆ፣ በብርጭቆው ላይ ኔጋቲቩን አስቀምጡ። በሌላ ስልክ ቀርባችሁ አንሡና በስልኩ ማስተካከያ ቀለሙን ገልብጡት። ያላያችኋቸው ዘመዶቻችሁ ከዚያ ውስጥ ይወጣሉ።

አራተኛ፣ ፎቶውን ይዛችሁ ከትልልቆች ዘንድ ቁጭ በሉ። «እማማ፣ ይህ ማን ነው? የትኛው ቤት ነው? ዓመቱ ስንት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከወረቀቱ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊቱ ያልፋል። ስም የሌለው ፎቶ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም። አቶ ዐብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ ከየቤቱ እያፈላለጉ ያሰባሰቧቸው ቅርሶች ዛሬ በሐረር ሙዚየም ሆነዋል። ብዙው በየቤቱ ሣጥን ተረስቶ የነበረ ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው አማና ነው። እናቶቻችንና አክስቶቻችን በነደባው ላይ ተቀምጠው፣ በሴቶች መሐል፣ ለቤተሰብ ዓይን ብቻ ብለው የተነሡት ፎቶ አለ። ዛሬ አንድ የልጅ ልጅ «ያምራል» ብሎ በስልኩ ለዓለም ሁሉ ሊበትነው ይችላል። በሕይወት ያለችውን አስፈቅዱ፤ ያለፈችው ብትኖር ምን ትል እንደነበር አስቡ። ለመቅዳት ወደ ሱቅ ስትሰጡም ለምታምኑት ሰው ስጡ።

ኢብኑል ሀይሠም በጨለማው ክፍል ያያቸው የብርሃን ነጥቦች መብራቱ ሲጋረድ ወዲያው ይጠፉ ነበር። ፊልም ያን የሚያልፍ ብርሃን ይዞ ማስቀረት ቻለ። የያዘውን ማቆየት ግን የፊልሙ ሳይሆን የሰው ሥራ ነው። በዚህ ወር እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ ያለውን አንድ ፖስታ ብቻ ከፍታችሁ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ብታዩት፣ ይህ ጽሑፍ የታሰበለትን አድርጓል።